ሁለት ቦታ የተጻፈ ስም

በሆጤ ኪራይ ቤት፣ ካልጋችን በላይ፣
ሸራ ካርታ ነበር ተወጥሮ የሚታይ፤
ዐሥራ ሁለት ነገድ፣ ዐሥራ ሁለት ቀለም፣
የጣራው ፍሳሽ ያወየበው ዓለም።
ይሁዳ በርበሬ፣ ኤፍሬም የጌሾ ቅጠል፣
ምናሴ ከወንዙ ወዲህ ወዲያ ሲንጠለጠል፣
ስምዖን በይሁዳ ሆድ ውስጥ ተውጦ፣
ሌዊ ያለ ርስት ከቀለሙ አምልጦ።

ዳን ግን ሁለት ቦታ ነበር።
አንዱ ባሕሩ ዳር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቢጫ፤
ሌላው ከላይ፣ ከአርሞንዔም ግርጌ፣ ሸራው ሊያልቅ ሲል፣
ያው ቢጫ።
«አባ፣ ተሳስተው ነው?»
መሪጌታ አባቴ መነጽሩን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።
«ቤት ለቆ ነው» አለኝ፤ «እንደኛው።»
በዚያ ዓመት ሦስተኛ ቤታችን ነበር።

ዛሬ እኔ ኮምቦልቻ፣ የመሬት ቢሮ ቀያሽ፣
በነጭ ኖራ መስመር የሰው ማሳ ቆራሽ።
አምና ጥቅምት ላይ ከቦርከና ማዶ
የይማም ሙሄ ማሳ ደረሰኝ።
ማሽላው ራሱን ደፍቶ ሊታጨድ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።
«አጭጄ ልልቀቅ» አለ።
ደብዳቤው ማጭድ አያውቅም።
አላለቀሰም፤ ድንጋይም አላነሣ፤
የሜትሩን ሌላ ጫፍ ያዘልኝ፣ ነፋስ እንዳይወስደው።
«መቶ ዐሥራ አራት» አልኩ።
«እኔ የማውቀው መቶ ሃምሳ እርምጃ ነው።»
ሁለታችንም ልክ ነበርን፤
ቅጹ ላይ ግን አንድ ሳጥን ብቻ አለ።

ያን ሌሊት ዳንን አስቤ አደርኩ።

ዕጣው ሲጣል በሴሎ፣ ጭራ ሆኖ ደረሰው፣
ጾርዓን፣ ኤሽታኦልን፣ እስከ ባሕር ቆረሰው፤
ወረቀቱ የሱ፣ ሜዳው ግን የሌላ፣
ዳገት ሰደደው ባለ ብረት ሠረገላ።
ምላጭ ያልነካው ልጅ ከመሐሉ በቅሎ፣
ትከሻው ላይ ጫነ የጋዛን በር ነቅሎ፤
ድንበሩ ግን ያው ነው፣ አንድ ክንድ አልሰፋ፤
ጉልበት ነበር እንጂ መሬቱማ ጠፋ።

ስድስት መቶ ሰው ታጥቆ ተነሣ፤
ልጁን፣ ከብቱን፣ ጓዙን ከፊት አስቀድሞ ወደ ሰሜን።
የደረሱባትን ከተማ ሲነግረኝ አባቴ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፦
ላይሽ።
ከሲዶና የራቀች፣ ከማንም ያልተጣላች፣
በሯን በቀን የማትዘጋ።
አቃጠሏት። መልሰው ሠሯት። በአባታቸው ስም ጠሯት።

ሐምሌ ላይ አቤቱታ ለማጣራት ወደ ደሴ ተላክሁ።
ከጦሳ ጥግ፣ ጉም ካልሲዬን እያራሰው፣
የእማማ ትብለጥ የግጦሽ መሬት ላይ
ስምንት ቆርቆሮ ቤት በቅሏል።
እማማ ትብለጥ ባል የላቸው፣ ወንድም የላቸው፤
ጠበቃ ቢሉ አንዲት ጊደር።
«እሳት ለመጫር ነበር የመጡት» አሉኝ፤
«መሬቱን አዩት፤ ሄዱ፤ ከዚያ ብዙ ሆነው መጡ።»

ከመጀመሪያው ቤት ይማም ሙሄ ወጣ።
ሰላም አለኝ፤ ልጆቼን ጠየቀ።
ከደጁ ማሽላ ዘርቷል፣ በዚህ ብርድ!
ቁመቱ ከጉልበቴ አልደረሰም፤ ቅጠሉ እንደ ጉበት ጠቁሯል።
ሰፈሩን ሾላ ምንጭ ብለውታል፣ በቆላው ስማቸው።
ሾላም የለ፣ ምንጭም የለ።
ሜትሬን ስዘረጋ፣ ሳልጠራው መጣና
ጫፉን ያዘልኝ።

ማታ አባቴ ቤት አደርኩ።
ካርታው አሁንም አለ፤ ሽማግሌው ግን አያየውም፣ ዓይኑ ደክሟል።
የስልኬን መብራት አብርቼ ከላይኛው ቢጫ ላይ ላይሽን ፈለግሁ፤
በትንሹም፣ በቅንፍም አልተጻፈችም።

ነገ ሪፖርት አለብኝ።
ይማም ሙሄን ሁለት ቦታ ጽፌዋለሁ።
«ምን ትፈልጊያለሽ በጨለማ?» አለ አባቴ።
«ምንም፣ አባ።»
እርሳሴን እማማ ትብለጥ ላይ ይዤ
ነጋ።