የረጋ ሐይቅ

ሌሊቱን በባቡር፣ ንጋቱን በአውቶቡስ፣
ኢናሪ ከሚሏት መንደር እስክንደርስ
ማኅቶት ተኛች። እኔ መስኮቱን ስጠርግ፣
የገዛ ትንፋሼን ስፍቅ፣ መልሼ ሳደርግ፣
ጥድ አየሁ፤ ከዚያም ጥድ፤ ከጥዱ ኋላ ጥድ፣
በረዶ ተሸክሞ ጎንበስ ያለ ዘመድ።

ሥራዬ ትራም ነው። ሄልሲንኪ ከተማ
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በፀሐይ በጨለማ፣
በሁለት ሐዲድ ላይ ሄጄ እመለሳለሁ፤
መሪ የለው ትራም፤ ፍሬን ብቻ አውቃለሁ።

ወዴት እንሂድ ስላት ትምህርት ቤት ሲዘጋ
«የትም» አለች ልጄ ቀና ሳትል ካልጋ።
አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከመስከረም ወዲህ
የምትመልስልኝ በአንድ ቃል ነው እንዲህ፦
እሺ።
አይ።
ተወው።
ምንም።

አከራይዋ አይሊ ቁመቴን ለካች በዓይኗ፤
ሰባ ሦስት ዓመቷ፣ ቀይ ጥለት በኮፍያዋ ጫፏ።
ከግድግዳ አወረደች ሁለት ረጃጅም ሳንቃ።
ስም የለውም በአማርኛ፤ ስኪ ልበለውና ይብቃ።
ጫማ እንዳልለው ይረዝማል፣ ጀልባ እንዳልለው ይቀጥናል፤
ብቻ እግሬ ላይ ሲታሰር፣ እግሬ የሰው እግር ይሆናል።

ማኅቶት በዚሁ አገር በረዶ ላይ ነው ያደገች፣
እኔ ማሰሪያ ስፈልግ እሷ ሐይቁን አጋመሰች።
አንድ እግሬ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ፣
እንደላላ መቀስ ተበርግጄ
ዘጭ።
ተነሣሁ።
ዘጭ።
የአምስት ዓመት ሕፃን በጎኔ ሽው አለ፤
ለእናቱ ስለ እኔ አንድ ነገር አለ።

ልጄ ተመለሰች፤ ክንዴን ያዘችና
«ጉልበትህን እጠፍ፤ ዓይንህ ይሁን ቀና፤
እግርህን አትይ።»
ይህን ቃል አውቀዋለሁ። እኔው ነኝ ያልኩት፣
ያኔ ከሶፋው እስከ በሩ ድረስ እጇን ይዤ ሳስኬዳት።

በረዶው ላይ ማሽን ያረሰው ቦይ አለ፣
ሁለት፣ ቀጥ ያለ፣ እኩል የተሳለ።
ይኼማ ሐዲድ ነው! ገባሁ እንደ ቤቴ፣
«ቀጣዩ ፌርማታ!» አልኩኝ በሹፌርነቴ።
ሳቀች።
ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነው፤
ማዶ ደሴት ደርሶ፣ ዞሮ መጣ አየሁት። ሰማሁት ማለቴ ነው።

ማታ ቱሪስቱ ሁሉ ካሜራውን ተክሎ
አረንጓዴውን የሰማይ ብርሃን ጠበቀ፣ ቁሩን ችሎ።
ደመና ነበረ። ገብተን ሾርባ ጠጣን።

በማግስቱ ግን ሐዲዱ መሐል ሐይቅ ላይ አለቀ።
ነጭ። ከዚያ ነጭ።
አይሊ በአጋዘን ቆዳ ላይ ተቀምጣ
በጠባብ ጉድጓድ ገመድ ሰዳለች።
«ዓሣ ያዝሽ?»
«አልያዝኩም።»
«ከጠዋት ጀምሮ?»
«ከኅዳር ጀምሮ።»

ድንገት ከሥራችን ሐይቁ ጮኸ፤
ከዳር ተነሥቶ፣ በእግራችን መሐል አልፎ፣
ጫካ ገባ ጩኸቱ።
ልጄን ጨመደድኳት። አይሊ ገመዷን እንኳ አላነቃነቀች።
«ሊሰበር አይደለም፤ ሲወፍር ነው የሚጮኸው።
በጸደይ ዝም ሲል ነው እኛ የምንፈራው።»

«አባዬ፣ ረጋ በል» አለች ማኅቶት።

ረጋ።
ቃሉን አላመጥኩት።
ሰውም ይረጋል፤ ውሃም፤ ወተትም ይረጋል።
የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ይላል የአገሬ ሰው፤
የረጋ ሐይቅስ፣ እስኪ፣ ምንድን ነው የሚወጣው?

ተቀመጥን ሦስታችን በአንድ የአጋዘን ቆዳ።
ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት፤
ጺሜ ላይ ትንፋሼ ነጭ ሆኖ ተሰካ።
ያኔ ነው ልጄ፣ ጉድጓዱን እያየች፣ ለጉድጓዱ ይመስል
ስለ ሔልሚ የጀመረችው፦
አንድ ወንበር ላይ ስድስት ዓመት ስለ መቀመጣቸው፣
በመስከረም ስለተቀየረው ወንበር፣
ምሳ ለብቻ ስለ መብላት፣
ምንም ስትለኝ ምንም ስላልነበረው ነገር።

አላቋረጥኳትም። ፍሬን አውቃለሁ ብያለሁ፤
አልነካሁትም።

ስትጨርስ አይሊ ሳቀች፣ በጣቷ እያሳየች፦
ጉድጓዱ ስስ በረዶ ለብሶ ተከድኗል፤
ገመዷም እዚያው ቆሞ፣ ቀጥ እንዳለ፣
ተይዟል።