ልኬት

ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ ስበይድ ኖሬ፣
ማጣሪያው ሲዘጋ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ተባርሬ፣
ጓሮዬ፣ ማንጎው ሥር፣ መበየጃዬን ተከልኩ፤
እንጀራዬ የሰው ፍርሃት ይሆናል ብዬ መቼ አሰብኩ?

የመጀመሪያዋ ኡርሚላ ናት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለች ባልቴት።
የልጇን ላፕቶፕ፣ የሟች ባሏን ሰዓት፣
ጠዋት ጠዋት ሽንብራ ቀቅላ የምትሸጥበትን ድስት
ከነክዳኑ ወሰዱት።
«ፖሊስ ጋ ደውለሽ ነበር?»
«ደወልኩ።»
«ምን አሉሽ?»
«መኪና የለም።»
ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ውሻ በስንት ጣዕሙ!

ከዚያ ወዲህ ሥራ አልጠፋም፤
ሌሊት እንኳ በወጉ አልተኛም።
የዳቦ ቤቱ በር፣ የጥርስ ሐኪሙ ሰገነት፣
የቤተ ክርስቲያኑ፣ የመስጊዱ፣ የሂንዱው መቅደስ መስኮት።
ስለ አምላክ ዘመናቸውን ሁሉ ሲከራከሩ የኖሩት
ስለ ብረት ሲሆን ተስማሙ፤ «አሥራ ሁለት ሚሊ» አሉኝ ሦስቱም፣ በአንድ አንደበት።

ዱቄት ጨመረ። ዘይት ጨመረ። የብየዳ ዘንግ ጨመረ።
ዶላር ሊለምን ባንክ የሄደ ተሰልፎ ውሎ አደረ።
ትሪኒዳድ ደሴት ናት፤ ሽንኩርቱ በመርከብ ነው የሚመጣ፤
ሽጉጡም በመርከብ ነው፤ እሱ ግን
ቀረጥ አያውቅ፣ ወረፋ አይዝ፣ ከወደቡ ሲወጣ።

ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ከረባቱን አስተካክሎ
«ግድያ ቀንሷል» አለን፣ «ካለፈው ዓመት በሦስት ሰው» ብሎ።
ሦስት ሰው።
እነማን ይሆኑ? ማለት አበዛሁ፤
ገበያ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ የሰው ፊት እያየሁ፤
ይህ ዓሣ ሻጭ ይሆን? ያቺ ነርስ ትሆን? ሳያውቁት
ከሞት መዝገብ የተፋቁት?

ረዳቴ ኬልቮን ሳቀ። «አንዱማ እኔ ነኝ» አለ፣
«ሁለቱን ፈልጋቸዋ፣ ጌታው፣ ጊዜ ካለ።»

ሐሙስ ማታ ወጣ፤ የተጠበሰ ዶሮ ሊገዛ፤
የማክሲ ታክሲው ፌርማታ ላይ፣ የዶሮውን ከረጢት እንደያዘ፣
መቱት።
ዕዳ አልነበረበት። ጠብ አልነበረበት።
ሰው ተሳስተው ነው አሉ። ማንን ፈልገው ነበር?
እሱንም የሚያውቅ የለም፤ ቢያውቅም የሚናገር።

ኡርሚላ ደወለች። እኔ ደወልኩ። ባለ ዶሮው ደወለ።
በሦስት ስልክ አንድ ድምፅ «መኪና የለም» አለ።
በአርባኛው ደቂቃ አስከሬን አንሺው መጣ።
እሱ መኪና አለው።

ቅዳሜ ሰልፍ ወጣን። ካርቶን ላይ በቤት ቀለም ጻፍን።
እናቱ ከፊት ነበረች፤ እኛ ዝም ብለን ተከተልን።
ወደ አደባባዩ ስንቃረብ
ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት፣ አራት የፖሊስ መኪና
ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ መንገድ ዘግቶ ቆመ።
ቆጠርኳቸው። ማንም አልተናገረ።
ኡርሚላ ብቻ ሄዳ አንዱን በመዳፏ ዳበሰችው፣
እውነት መኪና መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስል።

ማክሰኞ ጠዋት ከጣቢያው ኮርፖራል ዴዝሞንድ መጣ፤
በእግሩ ነው የመጣው፣ ላቡን እየጠረገ፣
ማንጎው ጥላ ሥር ቆመ፣ ኮፍያውን አወለቀ።
«ሌሊት ገብተውብን ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፤
«የመኪናውን ባትሪ... ደግሞ የሻይ ማፍያውን...
መስኮቶቹ ብረት የላቸውም።»
«ስንት ናቸው?»
«ዘጠኝ። በሩም አለ።»
«ቅድሚያ ክፍያ?»
«በጀቱ ገና አልተለቀቀም።»

ልስቅ ነበር። አልሳቅሁም።
ልሰድበው ነበር። አልሰደብሁም።
ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና እየበቀለ፤
የጫማው ሶል በአንድ ወገን ተበልቶ ያለቀ።

መለኪያዬን ይዤ ሄድኩ።
የጣቢያው መስኮት ከፍ ያለ ነው፤ ሳጥን ላይ ወጣሁ።
«ቁልፉን በየት በኩል ላድርገው? በውስጥ ወይስ በውጭ?» አልኩት።
ሲያስብ ቆየ። ሳይመልስልኝ ቀረ።
«እንግዲያው ና፣ ጫፉን ያዝልኝ።»
ኬልቮን ነበር የሚይዘው።
ያዘ። ትንሽ ይንቀጠቀጣል።
«አጥብቀው» አልኩት።
አንድ ሜትር ከዐሥር።