የማይወድቅ ብር

ደመወዜ ገብቶ፣ ገና ኪሴን ሳይሞቀው፣
ነጂሃ በደብተሯ ከፋፍላ ጨረሰችው፤
ለቤት ኪራይ ይሄ፣ ለእቁቡ ይህን ያህል፣
ለልጅቷ ጫማ፣ ለከርሞ የሚሆን እህል።
ከሁሉ በታች ግን አንድ መስመር ቀርታ፣
«ለጠመንጃህ» ትላለች፣ በእርሳስ ተጽፋ፣ ጠፍታ።

እኔ ዘበኛ ነኝ፣ የቡና መጋዘን፣
ከአዌቱ ማዶ ሌሊት የምመዝን
የውሻውን ጩኸት፣ የቆርቆሮን ኮሽታ፣
ሰው ነው? ጅብ ነው? እያልኩ፣ መብራት በሄደ ማታ።
ምንሽሩ የአባቴ ነው፤ ፈቃዱ በስሜ፤
ሰደፉ በሽቦ ታስሯል፣ ልክ እንደ አቅሜ።

ዓምና ሐሙስ ገበያ፣ ሂርማታ ወርጄ፣
ዝናር ገዛሁ፣ ሳላስብ፣ ቆዳውን ወድጄ።
ሻጩም አሞገሰኝ፤ «ላንተ ነው የሚያምርበት።»
ሠላሳ ኪስ አለው፤ ጥይቴ ግን አራት።
ቆሮቆንዳ ቆርጬ፣ በሞራ ወልውዬ፣
ደረደርኩት ሁሉን፣ «ከሩቅ ማን ያውቃል?» ብዬ።
ሌባም አላወቀ፤ ጎረቤት አልነቃ፤
ነጂሃ ግን አየች፤ ሳቀች እስኪበቃ፦
«ወይ ጉድ! የኔ ባል በቆሎ ታጠቀ፤
ሌባ ሲመጣበት፣ ቆልቶ ታረቀ!»

ኅዳር ላይ ተጠራን፣ ጂረን ተዳፋት ሥር፤
«ሦስት ጥይት ከኪስ፤ የሳተ ይባረር።»
አንዱን ወደ ሰማይ፣ አንዱን ወደ ዋርካ፣
ሦስተኛውን እንጃ፤ ሰሌዳው አልተነካ።
ዝናሬ አብረቀረቀ፤ ሰው ሁሉ ዝም አለ፤
ከሠላሳው ኪስ ውስጥ አንድ እውነት ተንጠለጠለ።

«አንድ ወር ሰጥተንሃል።» ወር ማለት ምን ነበር?
ከደብተሩ ግርጌ ያለችው ያቺ መስመር።
ጥይት ልግዛ ብል፣ ትምህርቱ ይቀራል፤
ለትምህርት ልክፈል ብል፣ በምን ይተኮሳል?
ሰደፉን ላሠራ? ዘይት ልግዛለት?
በአንዲት ቀጭን መስመር አራት ዕዳ ቆሞባት።

ሃምሳ አለቃ አባጨብሳን፣ ጡረታ የወጣ፣
ቆጪ ሰፈር አገኘሁት፣ ጀንፈል እያሰጣ።
«ስንት ልክፈል?» ስለው፣ ዝናሬን አየና፣
«ይህን ሽጠው» አለኝ፣ «ከዚያ ተመለስና
አንድ ብር ይዘህ ና፤ የብረቷን፤ አንድ።
ጥይትህ እቤት ይቀመጥ፤ በከንቱ አይንደድ።»

ሸጥኩት በግማሽ ዋጋ። ሻጩ አላሞገሰኝም።

ባዶ መሆኑን ሦስቴ በጣቱ ዳሰሰ፤
ብሯን ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ አንተራሰ።
«ቃታውን ሳብ» አለኝ፤ «ስትወድቅ ትሰማለህ፤
ሳትወድቅ የቀረች ቀን፣ መተኮስ ታውቃለህ።»

ቀጭ። ወደቀች። ቀጭ። ወደቀች፤ አሁንም።
ከጀንፈሉ መሐል ፈለግኳት፤ አልሰለቸሁም
ማለቴ ውሸት ነው፤ እጄ ዛለ፣ ልቤም፤
የምር መተኮስ አማረኝ፤ እሱ ግን አይሰማም።
«ትንፋሽ ዋጋ የለውም፤ አስቀድመህ እሱን ግዛ፤
ጥይት ኋላ ይደርሳል፤ ችኩል ጣት ነው የሚያበዛ
ወጪ።»

ማታ ከሥራ በፊት፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ፣
ነጂሃ ብሯን ታስቀምጣለች፤ እኔ ትንፋሼን ቆጥሬ።
በአሥራ ሰባተኛው ማታ ቀጭ አለ፤ ዝም አለች፤
ብሯ ከብረቱ ላይ እንደ ወፍ አርፋ ቀረች።
ነጂሃ አልሳቀችም። ደብተሩን አነሣች፣
ከደበዘዘችው መስመር ሥር ጻፈች፦
«ጥይት፣ ሦስት።»
በእስክርቢቶ። በእርሳስ አይደለም።

ወሩ ሞልቶ ቆምኩኝ፣ ከዚያው ተዳፋት ሥር፤
ሁለቷ ከሰሌዳው፤ አንዷ ሳተች በክር።
አለቃው «ይሁን» አለ፤ ቀለሁን ለቀምኩት፣
እቤት ይዤ ገብቼ ደብተሯ ላይ ጣልኩት።

አሁን ወገቤ ባዶ ነው፤ ማንገቻዬ ገመድ፤
ሰደፉም ያው በሽቦ፤ እቁብ እስኪደርሰኝ ድረስ ይልመድ።
ባለሱቁ ስኳር መዝኖ «አንድ ብር ጎደለህ» ሲለኝ፣
ኪሴን እዳብሳለሁ፤
አለች፤ ትሞቃለች።
«የለኝም» እላለሁ።