ደርሷል

ቢሮአችን ከልብስ ሰፊው በላይ ነው፣ ደረጃው የሚንቋቋ፤
ሐመልማል ትላለች፦ «ስልኩ ይቅደም፣ አንተ ተከትለህ አንኳኳ።»
ስድስት ሺህ መልእክት
በአንዲት ጠቅታ ይበራል፤
የኔ ጫማ ግን
ሲመሽ አርባ ደጅ ብቻ ይቆጥራል።

እጩአችን የግል ናት፤ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህር፣
ምልክቷ መሰላል፣
ፖስተሯ በአንድ ቀለም (ለሁለተኛው አልነበረንም ብር)።

እሪ በከንቱ ላይ የቤት ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል፣
ግማሹን ዝገት በልቶታል፣ ግማሹ ላይ ሌላ ቁጥር ተደርቧል።
ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ ይህን ሰፈር፤
በየበሩ ስጣራ ግን
ሰፈሩ ራሱ ስሙን ሲነግረኝ ነበር።

አንዱ በሩን ሳይከፍት «አንብቤዋለሁ!» ብሎ ሸኘኝ፤
አንዱ «ሎተሪ የወጣልኝ መስሎኝ እኮ ነበር» ሲል ወቀሰኝ፤
አንዲት ሴት ከባዶ ባልዲ አጠገብ ቆማ፣
«መልእክቱ በየቀኑ ይመጣል፣ ውሃው በአሥራ አምስት ቀን፤
ይኸን ጻፍልኝ፣ ስማ!»
ጻፍኩላት፤ ግን የት ላይ? ቅጼ ያለው ሦስት ዓምድ፦
ደጋፊ፣ ተቃዋሚ፣ ያልወሰነ።
ውሃ የሚል የለም።
በኅዳጉ ጨምሬው ቀጠልኩ መንገድ።

ከዚያ፣ ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሰባት።
ዝርዝሬ «አቶ ዘርጋው» ይላል፤
በሩን የከፈቱት እትዬ ሙሉእመቤት።
«ጋሽ ዘርጋው አሉ?»
«ግባ» አሉኝ በእጃቸው፣
እንዳረፈደ ልጃቸው።

ከቁም ሳጥኑ አናት አንድ ባለቁልፍ ስልክ አወረዱ፤
የፌስታሉ ቋጠሮ እምቢ ቢላቸው፣ ጣታቸውን በጥርስ ረዱ።
«ካረፈ ሐምሌ ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቻርጅ አደርግለታለሁ።
እድሩ እንኳ ስሙን ሰርዟል፤ እናንተ ግን ስትጽፉለት አያለሁ።
ጢው ይላል፣ ይበራል፤
ባለአራት አሃዝ ቁጥር ነው፣ ስደውልለት አይመልስ፤
እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። በል አንብብልኝ፣
ጨዋታችሁ ለኔም ይድረስ።»

ተቀምጬ አነበብኩ፣ አሥራ አራቱንም፣ ከታች ወደ ላይ፦
«ውድ አቶ ዘርጋው፣ እንደምን ሰነበቱ?»
«ውድ አቶ ዘርጋው፣ የምርጫ ካርድዎን አይርሱ።»
«ውድ አቶ ዘርጋው፣ ድምፅዎን እንሻለን።»
እዚህ ላይ እጃቸውን አነሱ።
«ድገመው።»
ደገምኩት፣ የሐመልማልን ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳልዘል።
«ድምፁንማ እኔም እሻለሁ» አሉ፣ «ልጄ፣ ሌላ ምን ልል?
ግን ድምፅ የሌለው ነገር ልኮ ድምፅ ስጡኝ ማለት፣
ምን ይሉታል? ይልቅ አንተ አንኳኳህ፤
ቤቱም ሰው ሰው ሸተተ፣ ቢያንስ ለዕለት።»

ብዕሬ ዓምዶቹ ፊት ቆመ። ሟች የሚል የለም።
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
«ያልወሰነ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላ ቃል መች መጣልኝ።

ማታ ሐመልማል ዝርዝሩን ስታጠራ፣
ከመስኮቱ ሥር የታክሲ ረዳት «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ሲጣራ፣
«ሦስት መቶ አሥራ ሰባት፣ አለ ወይስ የለም?» አለች።
«አለ» አልኩ።
በማግስቱ ጠቅታዋ ለጋሽ ዘርጋው መልካም ቀን ተመኘች።

ምርጫው በሰኔ ዝናብ ውስጥ አለፈ። ተሸነፍን፤
በጥቂት አይደለም፣ በብዙ።
ፖስተራችንን በገዛ ጥፍራችን ከየግንቡ ላጥን።
መምህሯ ልዩነቱን በመቶኛ አስልታ ሳቀች፤
የባለአራት አሃዙ ኪራይ አለቀ፣
ሐመልማል ኮምፒውተሩን ዘጋች።

ከዚያ ሐምሌ። ቅዳሜ ነበር፤ ያ ስልክ ከሶኬቱ ሥር
ሞልቶ ይጠብቃል፤
ማን አለው ከእንግዲህ የሚጽፍለት ነገር?
ከራሴ ቁጥር፣ መሰላል ሳልለጥፍ፣
ማንንም ምረጡ ሳልል፣
አንድ መስመር ላክሁ።
ደርሷል፣ አለኝ ስልኬ።

ወዲያው ጠራ።
የሞተ ሰው ስም መስታወቱ ላይ ሲበራ፣
አልዋሽም፣ እጄ ፈራ።
«ሃሎ?»
መጀመሪያ የሰማሁት ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ ነው፣
ከዚያ ሳል፣ ከዚያ እሳቸው፦
«አረንጓዴዋን ብጫናት፣ እሰይ፣ መለሰ!
አንተ ነህ የጻፍከው?
በል አንብብልኝ እስቲ፤
ምን አልከው?»