ስም በቆርቆሮ ላይ

ሺህ ወረቀት አሳተምኩ ብድር ተበድሬ፣
«ጦይባ የቧንቧ ሥራ» ከነስልክ ቁጥሬ።
ከሆጤ ተነሥቼ እስከ ሰኞ ገበያ
በር በበር ሸጎጥኩት፣ እንደ ግብር መክፈያ።
ሳምንት ጠበቅኩ፣ ዝም። ሁለት ጠበቅኩ፣ ዝም።
አንዴ ቢጮኽ ስልኬ፣ የፈለጉት እኔን አይደለም።

በሦስተኛው ሳምንት ሸርፍ ተራ ወርጄ
የሃያ ብር ኦቾሎኒ ጨብጬ በእጄ
ጥቅልሉን ብፈታ፣ የገዛ ስሜ ጨው ለብሶ
ቁልቁል ያየኛል፣ በዘይት ርሶ።

አራት ልጆች አሉኝ።
እንድሬ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ጥሎ
የተደበቀ ውሃ ያገኛል ቶሎ።
ደርሶ ሂሳብ ካለ ሌሊት ይሟገታል፤
አበጋዝ ገና ነው፣ መፍቻው ይበልጠዋል።
ሙህዬ ዝም ይላል።

ሐምሌ ነበር፤ ጦሳ ጉሙን እንደ ጋቢ ደርቦ።
ዘምዘም ቤት ውሃ ሞላ
(አላህ ይቅር ይበለን፣ ስሟ ነው ምን ላድርግ)፤
ሙህዬ ገባና፣ ጠርቦ፣ አስሮ፣ አጥብቆ
ሊወጣ ሲል ቆመ፣ የጫማው ዳና አስጨንቆ።
ከአንገቱ ላይ ሻርፑን ፈታና
ጭቃውን ከወለል አበሰና
ሄደ። በሦስተኛው ቀን መልሶ ደወለ፤
«እማ ዘምዘም፣ ጠብታው ቆመ ወይስ አለ?» አለ።

እኔ አላዘዝኩትም። ከየት እንዳመጣው
እስከ ዛሬ ድረስ ጠይቄው አላውቅ፣ እሱም አይነግረኝ።

የቅሬው ዱዓ አልቆ ሳህን ስትሰበስብ ቆየች፤
ዘምዘም ያንን ሻርፕ ለሴቶቹ አወራች።
በሳምንት አሥራ አራት ቤት እየደወለ
ጦይባን የጠራ የለም፤ «ያ ባለ ሻርፕ» አለ።

ቀናሁ። ልዋሽ እንዴ? ቀናሁ።
ጣሪያዬን እያየሁ አነጋሁ።
ብድሩ የኔ፣ ቀለሙ የኔ፣
ሰው የሚያስታውሰው ግን የአንድ ልጅ ጨርቅ፣ ወይኔ!

ደመወዝም ነበር። ቅዳሜ ሲመጣ
«ነገ» ነበር መልሴ፣ ከአፌ የማይታጣ።
አንድ ቀን ደርሶ መፍቻውን መሬት አኖረው፤
«እታባ፣ ነገ የሚሉት ያንቺ ቋንቋ ነው፤
ልጄ የምታውቀው ዳቦ ነው።»
ከዚያ ወዲህ ከራሴ በፊት እነሱን እከፍላለሁ፤
አንዳንዴ ታዲያ ባዶ ኪስ ይዤ እቤት እገባለሁ።

ከተረፈ ቆርቆሮ መዳፍ የሚያክል ቆረጥኩ፣
በምስማር እየወጋሁ ስም ጻፍኩ፣
በየቧንቧው አንገት እንደ ክታብ አሰርኩ፦
«ያጠበቀው፦ ሙህዬ አሰን።» ቀኑ። ስልኩ።
የኔ ከታች ነው፣ ላይን የሚያስቸግር።

ወንድሜ ሳቀብኝ፤ «ስም ሰጠሻቸው?
ክንፍ ነው የሰፋሽላቸው!»

እውነቱን ነው። እንድሬ በረረ።
ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ በእጥፍ ደመወዝ ተቀጠረ፤
ያንን ጆሮውን ይዞ፣
ትልቁን መፍቻዬንም ይዞ።

ጥቅምት ላይ ሸዋ በር አንድ ቧንቧ አፈሰሰ።
ባለቤቱ ቆርቆሮውን በእጁ አበሰ፣
አነበበ፣ ደወለ፤ ለእኔ ግን አይደለም።
ኋላ ሰምቼ ከአበጋዝ ጋር ስደርስ
እሑድ ማለዳ ነው፤ እንድሬ የሐረጎን ጠመዝማዛ
በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጥቶ
ተንበርክኳል፣ በመፍቻዬ።

«ከኛ ወጥተሃል፣ ማን ላከህ? ማንስ ይከፍልሃል?»
ቀና እንኳ አላለም፤
«እታባ፣ የሚንጠባጠበው ስሜ ነው።»

መፍቻውን አልመለሰም። እኔም አልጠየቅኩት።

ማታ ቆርቆሮ ስቆርጥ አበጋዝ አጠገቤ ቁጢጥ አለ፣
ምስማሩን አቀበለኝ፣ ትንሽ ተወዛወዘ፤
«የኔን ጠለቅ አድርገሽ ውጊልኝ» አለ፣
«ዝገት እንዳይበላው።»