ስንዝር ከጋት

ስፋቱ ስንዝር ከጋት፣ ርዝመቱ ግድግዳው እስካለቀበት፤
ናዳቭ አግብቶ በለቀቀው ክፍል፣ አልጋው በነበረበት፣
ከደረቴ ከፍ፣ ከዓይኔ ዝቅ አድርጌ
በስምንት የብረት ክንድ ሳንቃውን ሰቀልሁት።

"ለመጽሐፍ ነው?" አለችኝ እናንየ።
"ለባቡር" አልኋት።
ዝም አለች። የእሷን ዝምታ አርባ ዓመት አጥንቼ
ገና ከሀ ሁ አላለፍሁም።

ክፍሉ ማማድ ነው፤ ሮኬት እንዲመክት
በብረትና በሲሚንቶ የፈሰሰ፤
የመሰርሰሪያዬን ጥርስ ሦስት ጊዜ አረገፈው፣
አራተኛው ገባ፣ ነጭ አቧራ እያለቀሰ።
ከታች ቤት ራይሳ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ደበደበች፤
ለካ ስምንት ሰዓት ነበር፣ ጋኔ አቪቭ የሚያሸልብበት።
ውሃ ልኩን ሳጋድም አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች፤
ሳንቃው ቀጥ ብሏል። ጠማማው ግድግዳው ኖሯል፣
ሃያ ዓመት የተደገፍሁት።

እኔ ሐዲድ አውቃለሁ።
የመጨረሻው ባቡር ከሎድ ሲወጣ የእኛ ቀን ይጀምር ነበር፤
ሃያ ሁለት ዓመት በፋኖስ ጠጠር ጠቅጥቄአለሁ፣
የሲሚንቶ ተጋዳሚ ለስድስት ተሸክሜአለሁ።
አሁን ተጋዳሚዋ የክብሪት እንጨት አታህልም፤
በወረንጦ አንስቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ሙጫው ላይ አስተኛታለሁ፤
ባስነጥስ አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ይፈርሳል።

ለጠጠሩ የእናንየን ወንፊት ሰረቅሁ፣
ግንበኞች ጓሮ የተዉትን አሸዋ ነፋሁበት፤
ወንፊቷ ጠፍቶ ስትፈልግ
አብሬያት ፈለግሁ።

ሰዎቹ በከረጢት ከሃይፋ መጡ፤ ሠላሳ ነፍስ፣ ጥፍር የማያህሉ፣
ባርኔጣ የደፉ፣ ሻንጣ ያንጠለጠሉ፣
ሁሉም ነጫጭ፣ ሁሉም ባቡር የሚጠብቁ።
ሐዲድ የሚጠብቅ አንድም የለ።

ሦስቱን መረጥሁ። ሻንጣቸውን በምላጭ ቀነጠስሁ፣
ባንድ ጠጉር ብሩሽ ፊታቸውን ጠየም አደረግሁ፣
ብርቱካናማ ሰደርያ አለበስኋቸው።
አንዱ ፈረደ ነው፣ አውራ ጣቱን መጋጠሚያው የበላው፤
አንዱ ናዒም ነው፣ የሎዱ፣ በረመዳን ሌሊት
ቴምሩን ለሁላችን እኩል የሚቆጥረው።
ሦስተኛው ጀርባውን ሰጥቶ ጉልበቱን ይዞ ቆሟል።
"ይሄ ማነው?" አለች ሂላ፣ የልጅ ልጄ።
"አንድ ሠራተኛ" አልኋት።

ስንዝር ከጋት ላይ ባቡር አይዞርም፤ ለመዞር ክንድ ሙሉ ይሻል።
ግንቡን ልሽንቁር ብል ማማድ ሕግ አለው፣
ለብሎን እንጂ ለመንገድ አያስበሳም።
"ወዴት ነው የምትሄደው?"
"እስከ ጥጉ።"
"ከዚያስ?"
"ወደ ኋላ ትመለሳለች።"
"ፊቷን ሳታዞር?"
"ሳታዞር።"
እናንየ ሳቀች፦ "ልክ እንደ አንተ ይቅርታ።"

ሲረን በጮኸበት ሌሊት ራይሳ በሌሊት ልብሷ መጣች፤
የእሷ ማማድ በዕቃ ታጭቆ በሩ አይዘጋም።
ሳንቃው ሥር ተቀምጣ አሥር ደቂቃ አንጋጠጠች፤
"የምልክቱ ምሰሶ በቀኝ ነው የሚቆመው"
አለች በሰባራ ዕብራይስጥ። ለሰባራው ዕብራይስጤ ገባው።
አባቷ ምልክት ሰጪ ነበር፣ በዲኔፐር ዳር፣ በበረዶ።
በማግስቱ በክብሪት ቀፎ ሁለት አምፖል አመጣች፣
አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ፣ ምስር የሚያህሉ።
ስለ መሰርሰሪያው አልተነጋገርንም።

ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣
እውነተኛው የጭነት ባቡር ከሰፈራችን ጀርባ ያልፋል።
ሕንጻው ይንቀጠቀጣል፣ በጣም በቀስታ።
ማንም አይነቃም። እኔ እነቃለሁ፤
ጉልበቴ ጡረታ ወጣ እንጂ ጆሮዬ አልወጣም።

ጧት የክፍሉን በር ስከፍት
ትንሿ ባቡር ካቆምኋት ቦታ የአንድ ጣት ስፋት ተራምዳለች፣
ሦስቱ ወዳሉበት።
ሁልጊዜ ወደ ጣቢያዋ እመልሳት ነበር።
ዛሬ አልነካኋትም።
ጀርባውን የሰጠውን ሰውዬ ግን
ሙጫውን ፈልቅቄ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
በወረንጦ ይዤ አዞርሁት።