ባሕረ መዝገብ

አቃቂ፣ ከጣቢያው ማዶ፣ ሐዲዱ ወደ ወንዙ ሲታጠፍ፣
ሊቶሪናው ጡሩምባውን ነፍቶ ቀስ እያለ ሲያልፍ፣
ቤቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብርሌ ከብርሌ ይማታል፤
እትዬ አቻምየለሽም «ዝም!» ትለዋለች ባቡሩን፤ ያልፋል።

አባቴ በዚያ በር አስገባኝ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣
ሠላሳ ብር ቆጥሮ ወጣ፣ ዞሮም አላየኝ ከደጅ።
ኋላ ነው የገባኝ፣ ያ ሠላሳ ብር
ለእሱ ስጦታ፣ ለእኔ ብድር እንደነበር።

«ስምሽ ማነው?»
«ትብለጥ።»
ሳቀች። ጥርሷ ወተት፣ ድዷ ከሰል።
«አቻምየለሽ ባለችበት ትብለጥ አይባልም፣ ልጄ፤
ከዛሬ ወዲያ ሎሚናት ነሽ፤ ታጠቢና ነይ ከደጄ።»

ሰው ሥራችን ውበት ይመስለዋል። ውበቱ ነበር ሥራው።
ብርሌን በሦስት ጣት፣ ካንገቱ እንጂ ከሆዱ አለመንካት፤
እንግዳ ሲዋሽ አለመሳቅ፣ ሲደጋግም አለማዛጋት፤
ሲያለቅስ ግን ዓይንን ወደ ክራር መመለስ፣
ሰው ባየው እንባ ይቆጣልና ሲነጋ።
አምባሰልን ጣቴ እስኪደማ አስጠናችኝ፣ ባቲንም እንደዚያው፤
ከሁሉ የከበደኝ ግን ሰሙን ከወርቁ መለየቱ ነው።
«ያየሽውን አትናገሪ፣ የተናገርሽውን አይዩት» ትል ነበር።

በአሥራ አራት ዓመቴ ድዴን ተነቀስኩ።
እሾህ፣ ጥላሸት፣ ሦስት ቀን አጥሚት በማንኪያ።
ሰባት ብር፣ ባሕረ መዝገቡ ላይ ገባ።
ቀሚሱም ገባ፣ ጫማውም፣ ክራሩም፣
ባቡር ሲያልፍ ወድቆ የተሰበረው ብርሌ፣
ወባ የያዘኝ ሰሞን የዋጥኩት ኪኒን፣
የዋጥኩትን ሳቅ ግን የጻፈው የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በበቅሎ የሚመጡ አንድ ባላምባራስ ነበሩ፣
ከአባ ሳሙኤል ወዲያ መሬት ያላቸው፤
ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው አሉ።
የከፈሉት ለእሷ ነው። እኔ የከፈልኩትን
እሳቸውም አልቆጠሩ፣ እኔም አልነገርኩ።

ቲኬት ቆራጩ ጎበና ነው ፊደል ያስቆጠረኝ፣
ባገለገለ ቲኬት ጀርባ፣ በቀን አንድ ፊደል።
«ሀ» ድሬዳዋ ደርሳ የተመለሰች ነበረች፤
«ለ» ሞጆ ላይ የተበሳች።
ምንም አልጠየቀኝም።
ያ ነበር የሚያስፈራኝ።

አንድ ቀን እትዬ ለማኅበር ስትወጣ
መዝገቡን ከሣጥን አወጣሁ፤ ኩራዙን አስጠጋሁ።
በጣቴ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣
ከሠላሳው ብር እስከ ኪኒኑ ወረድኩ።
ከታች ቀይ መስመር። ከመስመሩ ሥር፦ ተከፍሏል።
ቀኑ ሦስት ዓመት አልፎታል።

በማግስቱ ቤቱ ሞልቶ፣ ባላምባራስ ከፊት ተቀምጠው፣
ክራሬን ቃኘሁና እንዲህ አልኩ፦

«ባሕሩ ተከፍሎ ሦስት ሆነው ዓመቱ፣
እስራኤል ምን ይሻል ከፈርዖን ከቤቱ?»

«እሰይ! መጽሐፍ ታውቃለች!» አሉ፤ ብር ወረወሩ።
አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም።
ጠጁን የምትቀዳዋ እጅ ብርሌው ሞልቶ ሲፈስ
አታቋርጥም ነበር።

ሲነጋ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፣ ነጠላዋን አጣፍታ።
«ቅኔውን ማን አስተማረሽ?»
«አንቺ።»
«ፊደሉንስ?»
ዝም አልኩ።
ክራሩን ከደጃፉ አስደግፋ ፊቷን መለሰች፤
«እሱም ተከፍሏል» አለች።

ሊቶሪናው መጣ፣ ቆመ። ጎበና ከደረጃው እጁን ዘረጋልኝ።
ቲኬት ሳልቆርጥ መሄድ እንደ ሌላ ዕዳ ታየኝ፤
አልተሳፈርኩም።
ፈትል ፋብሪካ ገባሁ። ሃያ ስምንት ዓመት የተቆረጠ ድር ቀጠልኩ፣
በማሽኑ ጩኸት ውስጥ፣ በሆዴ፣ አምባሰል እያልኩ።

አሁን ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሏል፤ ሲኖትራክ ነው ቤት የሚያንቀጠቅጠው፤
የእትዬ ግቢ ጎማ ቤት ሆኗል።
ጥርሶቼም አንድ ባንድ ሄዱ፤ ጥቁሩ ድድ ብቻ ቀረ።
ባለፈው፣ ክሊኒክ፣ አንዲት ልጅ ሐኪም መብራቷን አስጠግታ
«እማማ፣ ይሄ ጥቁረት ያምዎታል?» አለችኝ።
«አይ ልጄ፣» አልኳት፣
«ሰባት ብር ነው።»